ምዕራፍ ስድስት፦ የፖርቶ መጋላው እግር

በበዓል ዋዜማ ከሾላ ገበያ ወደ ገርጂ፣ ከካራ ወደ ሲኤምሲ የሚወርዱትን የቤት መኪኖች ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጉዳይ ግማሹ የሚያልቀው በመኪና ጣሪያ ላይ መሆኑን ይረዳል። እግሩ ተጠፍሮ የተጫነው ሙክት እዚያ ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወጣው የአሜሪካ እንግዳ ሻንጣ፣ ለአዲስ ሙሽሮች የተገዛው የስፖንጅ ፍራሽ፣ አያት ወይም ጎሮ ቤት የሚያሠራ ሰው ለነገ የሚፈልገው ከረጢት ሲሚንቶም መንገዳቸው በዚያው ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት የፖርቶ መጋላው ሁለት አግዳሚ ዘንጎች ናቸው። ሲገዙ ብዙ ሰው ዋጋቸውን ተከራክሮ ይገዛቸዋል፤ ከተገጠሙ በኋላ ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም።

ዕድሜም ተጨምሮበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ አከበደ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ ያለውን መኪና መጠገን አማራጭ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆነ። በቦሌና በየካ ሰፈሮች 20 ዓመት ያለፋቸው ራቭ ፎሮች፣ ኮሮላዎችና ፒካፖች ዛሬም የልጆች ትምህርት ቤት አመላላሽ ናቸው። አዲስ ከገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዳንዶቹ ጣሪያቸው ሰፊ መስታወት በመሆኑ በግ ለመጫን የሚደፍር የለም፤ አሮጌው መኪና የቤቱ አጋሰስ እንደሆነ ይቀጥላል።

እንዲህ ያለ መኪና ፖርቶ መጋላው ሲዝግ ዓይን የሚያርፈው ዘንጉ ላይ ነው። ቀለሙ ተነሥቷል፣ ቡናማ ሆኗል፣ መልክ አበላሽቷል። ዘንጉን ቀይሮ እፎይ ማለት የተለመደ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ዘንጉ ከላይ የሚታየው ክፍል ነው፤ ሸክሙን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው እግሩና እግሩ ውስጥ ያለው ቡሎን ነው። ዘንጉ ላዩን ዝጎ ለዓመታት ሊሸከም ይችላል። እግሩ ላዩን አምሮ ውስጡን ለቄስ ሊሆን ይችላል።

ሸክሙ የት ነው የሚያርፈው?

የብዙ ቤት መኪኖች ጣሪያ በመንገድ ላይ ሊሸከም የሚፈቀድለት ክብደት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው፤ በተደጋጋሚ የሚገኘው ቁጥር 75 ነው። ትክክለኛው በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ይህ ቁጥር የዘንጎቹን የራሳቸውን ክብደት ይጨምራል። ዘንጎቹ ከነእግራቸው 6 ኪሎ ቢመዝኑ ለዕቃ የሚቀረው 69 ኪሎ ነው፤ ማለትም በአውሮፕላን ሕግ ልክ የተሞሉ ባለ 23 ኪሎ ሦስት ሻንጣዎች። አራተኛው ሻንጣ መግባት ያለበት ውስጥ፣ ከሰው ጋር ነው። ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ደግሞ 100 ኪሎ ስለሆነ ከልኩ አልፏል።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ጉዳዩ ክብደት ብቻ አይደለም። ከመገናኛ ወደ ገርጂ ሲወርዱ ድንገት ፍሬን ቢያዝ 69 ኪሎው ወደ ፊት የሚገፋው ወደ 48 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ነው። ይህ ኃይል ዘንጉን ሊሰብረው አይሞክርም፤ እግሩን ከቦታው ሊነቅለው ይሞክራል። ነፋስ ደግሞ ወደ ላይ ይስባል። ስፋቱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 የሆነ የስፖንጅ ፍራሽ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ የፊት ጠርዙ ትንሽ ቀና ካለ፣ ከ25 እስከ 35 ኪሎ የሚደርስ ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ያገኘዋል። ፍራሹ ራሱ ግን ከዚያ ሊቀል ይችላል። የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 120 ላይ ያው ፍራሽ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሳባል። በግ ደግሞ ዝም ብሎ አይተኛም። በተፈራገጠ ቁጥር አንዱ እግር ላይ ያለው ሸክም ወደ ሌላው ይዛወራል፤ የላላ ቡሎን በዚህ መወዝወዝ ቀዳዳውን ያሰፋል።

ከአሸንዳ ወደ ካፕ

በቮልስ ዋገንና በላዳ ዘመን ነገሩ ግልጽ ነበር። እነዚህ መኪኖች ጣሪያቸው ጠርዝ ላይ የዝናብ አሸንዳ ነበራቸው፤ የፖርቶ መጋላው እግር አሸንዳው ላይ ይቆማል፣ ከሥሩ በቆንጣጭ ተይዞ በቡሎን ይጠብቃል። ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ይነዳ የነበረ ሹፌር እግሩ ሲላላ ድምፁን ይሰማል፣ ሲዝግ በዓይኑ ያያል፣ ቁልፍ አውጥቶ ያጠብቃል። አሮጌ ሚኒባሶችና ባለ አሸንዳ ላንድ ክሩዘሮች እስከ ዛሬ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመኪና ሠሪዎች የነፋስ ጫጫታንና የነዳጅ ፍጆታን ለመቀነስ አሸንዳውን ከቤት መኪኖች ጣሪያ እያጠፉ መጡ። በምትኩ በጣሪያው ግራና ቀኝ በቁመት የሚሄዱ ሐዲዶች መጡ፤ እግራቸው በጣሪያው ላሜራ ውስጥ በተቀበሩ ዳዶዎች ላይ በቡሎን ይታሠራል፣ ቡሎኑም በፕላስቲክ ካፕ ይሸፈናል። አግዳሚዎቹ ዘንጎች እነዚህን ሐዲዶች ነክሰው ይይዛሉ። ሐዲድ የሌላቸው መኪኖች ላይ እግሩ የበሩን ፍሬም ጠርዝ ይቆነጥጣል። መልኩ አማረ፣ ድምፁ ቀነሰ፤ ዝገቱ ግን ከሚታይበት ቦታ ወደማይታይበት ተዛወረ።

ጨው በሌለበት ከተማ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መኪና የሚበላው ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። አዲስ አበባ ጨው አይበተንም፤ ባሕርም ሩቅ ነው። ታዲያ ዝገቱ ከየት መጣ?

የመጀመሪያው ምክንያት የሁለት ብረቶች ጉርብትና ነው። ሐዲዱ አሉሚኒየም ነው፣ ቡሎኑና ጣሪያው ብረት ናቸው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው መካከላቸው እርጥበት ሲገባ ትንሽ ባትሪ ይፈጠራል፤ አንደኛው ኤሌክትሮኑን እየለቀቀ ያልቃል፣ ሌላው ይጠበቃል። በብረትና በአሉሚኒየም መካከል የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ነው። አዲስ ቡሎን በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያልቀው ዚንኩ ነው፤ የቤታችን ቆርቆሮም በዚሁ ዘዴ ነው የሚጠበቀው። ዚንኩ ሲያልቅ ቡሎኑ ቡናማ መሆን ይጀምራል፣ ዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ደግሞ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል።

ንጹሕ የዝናብ ውሃ ይህን ባትሪ በደካማው ነው የሚያሠራው። ኃይል የሚሰጡት ውሃው ውስጥ የሚሟሙት ነገሮች ናቸው፤ በምሥራቅ አዲስ አበባ እነዚህ በሽ ናቸው። ሰሚት፣ ጎሮ፣ አያትና ቦሌ አራብሳ ግንባታ የማያባራባቸው ሰፈሮች ናቸው። የሲሚንቶ ብናኝ ውሃ ሲያገኝ ኃይለኛ አልካሊ ይሆናል፤ አሉሚኒየምን የሚከላከልለት ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ደግሞ አልካሊን አይችልም። ከላዩ ላይ ከረጢት ሲሚንቶ የተጫነበት ሐዲድ ሳይታጠብ ካደረና ጤዛ ከነካው መበላት ይጀምራል። የበግ ሽንትም አለ። ጨው አለበት፣ ዩሪያው ሲፈርስ አሞኒያ ይወጣዋል፣ ቁልቁል ወርዶም እግሩ ሥር ይጠራቀማል። በዓል በመጣ ቁጥር ጣሪያው ላይ ሳናውቀው ጨው እንረጫለን ማለት ነው።

ከፍታችንም ድርሻ አለው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረሩ ይበረታል። በበጋ ጎማውንና የፕላስቲክ ካፑን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ በዚያ ስንጥቅ ይገባል፣ ግን መውጫ የለውም። ጣሪያው በአንድ ሰዓት ፀሐይ ሲደርቅ እግሩ ሥር ያለው ውሃ ለቀናት ይቆያል። መኪናው በኮንዶሚኒየም ግቢ ሜዳ ላይ የሚያድር ከሆነማ ክረምቱን ሙሉ አይደርቅም።

የሁለት ብረቶች ጉርብትና ችግር የአሮጌ መኪና ብቻ እንዳልሆነ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ የቆመው የነፃነት ሐውልት ምስክር ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ይህ ሐውልት የመዳብ ቆዳውን የሚደግፈው የብረት ዘንግ መረብ ነበረው። ሠሪዎቹ ሁለቱ ብረቶች እንዳይነካኩ መካከላቸው መለያ አስገብተው ነበር፤ ይሁንና መለያው ከዓመታት በኋላ አረጀ፣ ውሃ ያዘ። ብረቱ ዛገ፤ ዝገት ከብረቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ አበጠና ሪቬቶቹን ገፍቶ ነቀለ። ከ1984 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በተደረገው እድሳት ወደ 1,800 የሚጠጉ ዘንጎች ወጥተው በማይዝግ ብረት ተተኩ፣ በአዲሱ ዘንግና በመዳቡ መካከልም ቴፍሎን ገባ። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ዘንጉን መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ መለያውም አብሮ ካልታደሰ ሥራው ይደገማል።

ማየትና መንካት

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናው ቆሞ ዘንጉን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ላይ መነቅነቅ ነው። ዘንጉ ከሐዲዱ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ቆንጣጩ ላልቷል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ሐዲዱ ራሱ ከጣሪያው ጋር የሚላወስ ከሆነ ግን ቡሎኑ ወይም የተቀበረው ዳዶ ተበልቷል።

ቀጥሎ ካፑ ይከፈታል። ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ስለሚሰበር በቀዝቃዛ ጠዋት አለመሞከር ይሻላል። ከሥሩ የሚገኘው ነገር ታሪኩን ይናገራል። አቧራና ደረቅ ቅጠል ብቻ ከሆነ መጥረግ ነው። የደረቀ የጥርስ ሳሙና የመሰለ ነጭ ዱቄት ካለ አሉሚኒየሙ እያለቀ ነው። ከቡሎኑ ሥር ወደ ጣሪያው የወረደ ቡናማ መስመር ካለ፣ በተለይም ዙሪያው ያለው ቀለም አብጦ በጥፍር ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ፣ ዝገቱ ላሜራው ላይ ደርሷል። የመጨረሻው ምልክት ውስጥ ነው፤ ከከባድ ዝናብ በኋላ ከበሩ በላይ ያለው የጣሪያ ጨርቅ ቢጫ እድፍ ካወጣ፣ ውሃ በቡሎኑ ቀዳዳ እየገባ ነው።

አለመቸኮል

ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ብርጭቆ ወረቀት መታ መታ አድርገን ጥቁር ቀለም ብንቀባው አዲስ ይመስላል» ይላል ልጁ። መምሰሉን ይመስላል፤ ቀለሙ ግን እግሩ ሥር አይገባም። ሁለተኛው ምክር «እዚሁ እንበይደው» ነው። ይህ የባሰ ነው። የብየዳ ሙቀት የጣሪያውን ላሜራ ያጣምማል፣ ከሥሩ ያለውን ጨርቅና ማጣበቂያ ሊያቃጥል ይችላል። ከዚህም በላይ በአዳዲስ ሞዴሎች በበሮቹ አናት ላይ ጣሪያውን ተከትሎ የሚሄድ የመጋረጃ ኤርባግ አለ፤ እዚያ አካባቢ መበየድም ሆነ በመሰርሰሪያ መብሳት ሕይወት ላይ መቀለድ ነው።

የዛገ ቡሎን የሚፈታው በጉልበት አይደለም፤ በጊዜ ነው። ክሩ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ ይነፋበታል፣ ያድራል፤ በማግሥቱ ይደገማል። ቁልፉ ልክክ ያለ መሆን አለበት። ጃፓን ሠራሽ መኪኖች ላይ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን በ10 ቁልፍ፣ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በ12 ቁልፍ ይፈታል፤ የአውሮፓ መኪኖች 8 ሚሊ ሜትሩ 13 ይፈልጋል። 13 ቁልፍ በ12 ጭንቅላት ላይ ያሽከረከረ ሰው ጭንቅላቱን አክብቦ ይተወዋል። ቡሎኑ ሲነቃነቅ ሩብ ዙር መፍታት፣ እንደገና ትንሽ ማጥበቅ፣ እንደገና መፍታት ያስፈልጋል፤ የዝገቱ ዱቄት ክሩን እንዳይዘጋ የሚያደርገው ይህ ነው። ዳዶው ከላሜራው ተላቅቆ ከቡሎኑ ጋር አብሮ መዞር ከጀመረ ግን መቆም ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው ከውስጥ፣ የጣሪያውን ጨርቅ አውርዶ የሚሠራ ይሆናል፤ የሚያውቅ ባለሙያም ይፈልጋል።

ሦስት ምርጫዎች

አሮጌው ከወለቀ በኋላ ምትኩ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው ያገለገለ ኦሪጅናል ነው። መርካቶ ሱማሌ ተራ ለብዙ አሮጌ ሞዴሎች ሐዲዱም ዘንጉም ይገኛል። ጥቅሙ ቀዳዳው ልክ መግጠሙ ነው። አደጋው ዝገቱም አብሮ ሊሸጥ መቻሉ ነው። ሲገዙ ዘንጉን ትቶ እግሩን መገልበጥ፣ የቡሎኑን ቀዳዳ ማየት ያስፈልጋል። ቀዳዳው ከክብ ወደ ሞላላ የተለወጠ እንደሆነ ቀድሞ በሌላ መኪና ላይ ላልቶ ሲወዛወዝ ኖሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው አዲስ የአሉሚኒየም ዘንግ ነው፤ ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን ተደርጎ የሚሸጠው። ቀላል ነው፣ አይዝግም ይባላል። አሉሚኒየም ቡናማ አይሆንም እንጂ ከላይ እንዳየነው ይበላል። እዚህ መመርመር ያለበት የሚነክስበት ጎማና የቡሎኖቹ ጥራት ነው። ማግኔት ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ «የማይዝግ» ተብሎ የተሸጠ ቡሎን ማግኔት ላይ ጥብቅ ብሎ ከተጣበቀ በአብዛኛው ተራ ብረት ነው።

ሦስተኛው ሰፈር ውስጥ ያለ በያጅ ከቱቦላሬ የሚሠራው ነው። ጠንካራ ነው፣ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፣ ለሲሚንቶና ለፌሮም የሚመረጠው እሱ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። ከባድ ስለሆነ ከ75ቱ ኪሎ ላይ ራሱ ብዙ ይወስዳል፤ 15 ኪሎ የሚመዝን ፖርቶ መጋላ ለዕቃ የሚተወው 60 ነው። በተጨማሪም ቱቦው ከውስጥ ይዝጋል። ጫፎቹ በብየዳ ሙሉ በሙሉ መደፈን አለባቸው፤ ይህ ካልሆነ ከሥር ውሃ ማውጫ ቀዳዳ ይኑራቸው። በፕላስቲክ ብቻ የተከደነ ጫፍ ውሃ አስገብቶ አያስወጣም።

መግጠም

አዲሱ እግር የሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ ይታከማል። የዛገው ቀለም እስከ ነጩ ብረት በብርጭቆ ወረቀት ይወርዳል፤ አንቲራስት ይቀባል፣ ሲደርቅ የመኪናው ቀለም ይደገማል። ይህ ሳይደርቅ እግሩን መትከል እርጥበቱን ማፈን ነው።

ከዚያ መለያው ይመጣል። እግሩ ሥር አዲስ ጎማ፣ ከቡሎኑ ጭንቅላት ሥር የናይሎን ሮንዴላ፣ ክሩ ላይ ግራሶ ይደረጋል። ከነዚህ ርካሽ ነገሮች አንዱን መዝለል ያንኑ ባትሪ እንደገና መገንባት ነው። ቀዳዳውን ውሃ እንዳያስገባ በሲሊኮን ማሸግ ተገቢ ነው፤ ዓይነቱ ግን ይለያያል። ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፣ አሲዱም ብረቱን ያዝገዋል። ብዙ ጊዜ «በሲሊኮን አሽገነው ባሰበት» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የማይሸተው፣ ለብረት ተብሎ የተሠራው ነው የሚያስፈልገው።

ቡሎን ሲጠብቅ ጉልበት መለካት አለበት። 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን የሚፈልገው ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ አጭር ቁልፍ በሁለት ጣት የሚሰጠው ያህል። ረጅም እጀታ ይዞ እስኪጮህ የሚያጠብቅ ሰው የተቀበረውን ዳዶ ይነቅለዋል። አራቱም እግሮች መጀመሪያ ልል ሆነው ይገባሉ፤ ዘንጎቹ ከተስተካከሉ በኋላ በመስቀለኛ ተራ ይጠብቃሉ። በሁለቱ ዘንጎች መካከል 70 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢኖር ረጅም ዕቃ አይወዛወዝም። አዲስ ጎማ ስለሚጨመቅ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ከተነዳ በኋላ ማጥበቁ አንድ ጊዜ ይደገማል።

ላሜራው ራሱ እግሩ ሥር ተበልቶ ከተበሳ አዲስ ዘንግ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ትክክለኛው ጥገና ሐዲዱን አውልቆ፣ የተበላውን ቆርጦ ጥሎ በአዲስ ላሜራ ማስደፈን፣ ከዚያ በኋላም በጉን ኋላ ኮፈን ውስጥ መጫን ነው። ጣሪያው ደህና ከሆነ ግን የሚቀረው የዓመት ልማድ ነው። በግ ወይም ሲሚንቶ ከተጫነ በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ እግሮቹን ሥር ጨምሮ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ለመስቀል ጉዞ ዕቃ ከመጫኑ በፊት፣ አራቱን ካፖች ከፍቶ ማየት፣ መጥረግ፣ ግራሶ መጨመር። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ካቻቢቴና አንድ ቁልፍ ነው፤ ጊዜውም ሻንጣ ጭኖ ከማሰር አይበልጥም።